ለሥራ መመላለሻ የሚሆን ብስክሌት ስለ መምረጥና በእርሱም ስለ መደሰት



ዛሬ ልናገርበት ያሰብሁት ነገር ከትልልቆቹ የመንግሥት ጉዳዮች ጋር ሲተያይ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል። ይሁን እንጂ ጧት በ2:30 ሰዓት በጽሕፈት ጠረጴዛው ፊት መገኘት ለሚገባው የመንግሥት ሠራተኛ በየቀኑ ሁለት ጊዜ የሚገጥመው ጉዳይ ስለ ሆነ ትንሽ ነው ብሎ ማለፍ አይቻልም። ይኸውም ከቤት ወደ መሥሪያ ቤት፣ ከመሥሪያ ቤትም ወደ ቤት የሚመላለስበትን አዲስ ብስክሌት እንዴት አድርጎ እንደሚመርጥና ከመረጠም በኋላ እንዴት እንደሚደሰትበት ነው።

ብስክሌትን ብዙዎቻችን የምናውቀው ከልጅነታችን ጀምሮ ነው። በሰፈሩ ውስጥ አንድ ሁለት ብስክሌት ይዞ በደቂቃ ሒሳብ ለሚያከራየው ልጅ ሳንቲማችንን ከፍለን፣ መቀመጫው ስለማይደርሰን በብረቱ መካከል እግራችንን አሾልከን፣ አንድ ጊዜ ከግንብ አንድ ጊዜ ከአጥር እየተላተምን የተማርነው ነገር ነው። ኋላ ግን ትምህርት ጨርሰን፣ ሥራ ይዘን፣ የወር ደመወዝ መቀበል ስንጀምር፣ ብስክሌቱን ከብይና ከጨርቅ ኳስ ጋር አንድ ላይ አድርገን ለልጅነት ዘመን ተውነው። አንድን የክፍል ኃላፊ ብስክሌት እንዲገዛ ቢመክሩት መጀመሪያ የሚያስበው ስለ ዋጋው ወይም ስለ አደጋው አይደለም፤ «ሰው ምን ይለኛል?» ብሎ ነው። ባለጉዳዮች በበሩ ላይ ቆመው ሳሉ የሱሪውን ጫፍ አጥፎ፣ ብስክሌቱን እየገፋ ሲገባ ቢያዩት ክብሩ የሚቀንስ ይመስለዋል።

እኔ በበኩሌ ከይሉኝታ ጋር ብዙ መከራከር አልፈልግም። በታክሲ ሰልፍ ላይ አንድ ሰዓት ቆሞ፣ በተራው ሲደርስ ተጋፍቶ፣ የኮቱ ቁልፍ ተበጥሶ፣ በሦስት ሰዓት የሚደርስ ኃላፊ አለ። በ2:15 ሰዓት በራሱ እግር ኃይል ደርሶ፣ ፊቱን ታጥቦ፣ ባለጉዳዩን ተቀምጦ የሚጠብቅ ኃላፊም አለ። ከሁለቱ የትኛው እንደሚከበር ከደጅ የሚጠናው ባለጉዳይ ይጠየቅ።

አባቶቻችን በቅሎ ሲገዙ እንዴት ያደርጉ እንደ ነበረ ከሽማግሌዎች የሰማ ሰው ብስክሌት ለመግዛት ብዙ አስተማሪ አያስፈልገውም። በገበያ ቀን ባለቤትየው በቅሎይቱን በጌጥ አሸብርቆ ቢያቆማትም ገዢው መጀመሪያ ዕቃዋን ያስወልቃል፤ ጥርሷን፣ ኮቴዋን፣ ጀርባዋን ያያል፤ ቀጥሎም ተቀምጦባት ሰጋር መሆኗንና አለመሆኗን ይፈትናል። ከሁሉ በፊት ግን የሚሄድበትን አገር ያስባል። በሜዳ የሚጋልብ ሰው ፈረስን ይመርጣል፤ ገደል ወርዶ ገደል የሚወጣው ግን ከበቅሎ ሌላ አይሻም። ብስክሌትም እንዲሁ ነው፤ በሱቅ ውስጥ የተደረደረውን ከማየት በፊት ከቤት እስከ ቢሮ የተዘረጋውን መንገድ ማየት ይገባል። በዛሬው ንግግሬ የምነግራችሁ ዋና ነገር ይህ ነው፤ የቀረው ሁሉ ከዚህ የሚከተል ነው።

እንግዲህ የአዲስ አበባን አቀማመጥ እንመልከት። በሰሜን በኩል የእንጦጦ ተራራ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ይዞ ይታያል፤ በደቡብ ምሥራቅ ያለው የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ግን 2,330 ሜትር ያህል ነው፤ ወደ አቃቂ ሲወረድ ደግሞ ምድሩ ከዚያም ዝቅ ይላል። ስለዚህ ከተማችን ወደ ደቡብ ያዘነበለች ሰፌድ ናት ማለት ይቻላል። ይህን ሁላችንም በዐይናችን እናውቀዋለን፤ ነገር ግን የምንሄደው በመኪና ስለ ሆነ እግራችን አያውቀውም። ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሐር ያለውን የቸርችል ጎዳና በታክሲ ተቀምጦ የሚመላለስ ሰው ቁልቁለቱን ከቁም ነገር አይቆጥረውም፤ በብስክሌት የሚወጣው ሰው ግን ክንድ በክንድ ይለካዋል።

ከዚህም የተነሣ የአዲስ አበባ የመንግሥት ሠራተኛ ሁለት ዓይነት ነው፤ ጧት ዳገት የሚወጣና ማታ ዳገት የሚወጣ። ቤቱ በሳሪስ ወይም በቃሊቲ፣ መሥሪያ ቤቱ በአራት ኪሎ የሆነ ሰው ጧት ዳገት ይገጥመዋል፤ ማታ ግን ደክሞት ሳለ መንገዱ ራሱ ወደ ቤቱ ያደርሰዋል። ቤቱ በሽሮ ሜዳ፣ መሥሪያ ቤቱ በሜክሲኮ አደባባይ አጠገብ የሆነው ደግሞ ጧት እንደ ወፍ ወርዶ ይደርሳል፤ ማታ ግን ከነባዶ ሆዱ ዳገቱ ይጠብቀዋል። የመጀመሪያው ሰው ከሁሉ አስቀድሞ ማሰብ የሚገባው ስለ ማርሽ ነው፤ ወደ ቢሮ በላብ ተነክሮ መግባት አይቻልምና። ሁለተኛው ከሁሉ አስቀድሞ ማሰብ የሚገባው ስለ ፍሬን ነው፤ እንቅልፉ ከዐይኑ ገና ሳይለቅ የሚገጥመው ቁልቁለት ነውና። ይህ ሁለተኛው ሰው ማታ ላብ ቢያልበውም የሚገባው ወደ ቤቱ ስለ ሆነ ልብሱን ለውጦ ያርፋል።

በዚህም ላይ የአየሩ ነገር አለ። በከተማችን ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ወለል ላይ ካለው ሩብ ያህል ያነሰ ስለ ሆነ ዳገቱ ከሚገባው በላይ ትንፋሽ ይጠይቃል። ስለዚህም በውጭ አገር መጽሔት ላይ «ለከተማ የሚሆን» ተብሎ የተመሰገነ ብስክሌት ለአምስተርዳም ወይም ለኮፐንሃገን ሜዳ ታስቦ የተሠራ መሆኑን አትዘንጉ። እዚያ ሰጋር የሆነው እዚህ ዳገት ላይ ሊለግም ይችላል።

ማርሽ ሲባል ነገሩ ረቂቅ ይመስላል፤ ሒሳቡ ግን የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው። በፔዳሉ በኩል ያለውን የብረት መዘውር ጥርስ ቁጠሩ፤ በኋላው ጎማ ላይ ያለውንም ቁጠሩ፤ ከዚያም የፊቱን ለኋላው አካፍሉ። የፊቱ 48፣ የኋላው 16 ጥርስ ቢሆን ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው 3 ጊዜ ይዞራል። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለ ሆነ በአንድ ዙር 6 ሜትር ከ30 ትሄዳላችሁ ማለት ነው። ይህ በሜዳ ላይ እጅግ ደስ ያሰኛል፤ በዳገት ላይ ግን ጉልበት ይሰብራል። የፊቱ 32 የኋላውም 32 ቢሆን ፔዳሉ አንድ ሲዞር ጎማውም አንድ ጊዜ ብቻ ይዞራል፤ የምትሄዱት ሁለት ሜትር ያህል ብቻ ነው፤ ነገር ግን ትንፋሽ ሳያጥራችሁ፣ ሰላምታ የሚሰጣችሁን ሰው በአፋችሁ እየመለሳችሁ ትሄዳላችሁ። ሻጩ «ባለ 21 ማርሽ ነው!» ብሎ ሲያሞግስላችሁ በቁጥሩ ብዛት አትደነቁ። ከፊት 3 ከኋላ 7 ተባዝተው 21 ሆኑ እንጂ ብዙዎቹ አንዱ የሌላውን ሥራ የሚደግሙ ናቸው። የምትጠይቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ይሁን፤ በመጨረሻው ቀላል ማርሽ ላይ የፊቱ ጥርስ ከኋላው ጥርስ ጋር እኩል ነው ወይስ ይበልጣል? ጧት ዳገት የሚወጣ ሰው እኩል የሆነውን ወይም የፊቱ ያነሰውን ይያዝ።

የባሕር ዳርና የሐዋሳ አድማጮቼ ይህን ሲሰሙ ሳይስቁብኝ አልቀሩም። በእነርሱ ከተማ መንገዱ ሜዳ ነው፤ ብስክሌትም ከጥንት ጀምሮ የሁሉ ሰው መሄጃ ነው፤ ተማሪው፣ ነጋዴው፣ አስተማሪው ሁሉ ይቀመጥበታል፤ ይሉኝታ የሚባለው ነገርም በዚያ ቦታ የለውም። ለእነርሱ ማርሽ የሌለው፣ ከበድ ያለ፣ የቀድሞው ዓይነት ብስክሌት ይበቃል፤ ይበልጥማል፤ ያልተገጠመ ዕቃ አይሰበርምና።

ስለ ፍሬን ግን የሜዳውም የዳገቱም ሰው እኩል ይስማኝ፤ ይህ የሕይወት ነገር ነው። ብስክሌትን በይበልጥ የሚያቆመው የፊቱ ፍሬን ነው። ፍሬን ሲያዝ የሰውነት ክብደት ወደ ፊት ስለሚወድቅ የፊቱ ጎማ መሬቱን ጨብጦ ይቆማል፤ የኋላው ግን ቀልሎ ይንሸራተታል። ይሁን እንጂ በቁልቁለት ላይ የፊቱን ብቻ በድንገት የጨበጠ ሰው በመሪው ላይ ተገልብጦ ይወድቃል። ስለዚህ ሁለቱን በአንድነት፣ በትንሽ በትንሹ እያጠበቁ መያዝ ያስፈልጋል። የቀኙ እጅ የትኛውን፣ የግራው እጅ የትኛውን እንደሚይዝ እንደ ተሠራበት አገር ስለሚለያይ ከሱቁ በር ሳትወጡ ዕወቁት።

ሻጩ ፊት ሆናችሁ ሁለት ነገር ሞክሩ። የፍሬኑን እጀታ በኃይል ጨብጡት፤ ከመሪው ብረት ጋር እስኪገናኝ የሚመጣ ከሆነ አልተስተካከለም። ቀጥሎም የፊቱን ፍሬን እንደ ያዛችሁ ብስክሌቱን ወደ ፊት ግፉት፤ የኋላው ጎማ ከመሬት ብድግ ካለ ፍሬኑ ይይዛል ማለት ነው። ላስቲኩ በቸርኬው ላይ እየተጫነ የሚያቆመው ዓይነት ዋጋው ርካሽ ነው፤ ማንም ሰው ያድሰዋል፤ ነገር ግን በዝናብ ጊዜ መጀመሪያ ውሃውን ጠርጎ ስለሆነ የሚይዘው ዘግይቶ ያቆማል። በጎማው እምብርት ላይ ያለውን ክብ ብረት የሚይዘው፣ ዲስክ የሚባለው ግን በሐምሌ ጭቃም እንደ በጋው ይሠራል። ከሽሮ ሜዳ በኩል ጧት ጧት ለሚወርደው ሰው ገንዘቡን በሌላ ነገር ላይ ቆጥቦ በዚህ ላይ እንዲያወጣ እመክረዋለሁ። ዲስክም ከሆነ በሽቦ የሚሳበውን ይምረጥ፤ በዘይት የሚሠራው ሲበላሽ የሚጠግነው ባለሙያ በየሰፈሩ አይገኝም። በረጅም ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ያዝ ለቀቅ ማድረግ እንጂ ከላይ እስከ ታች አንቆ መውረድ ብረቱን ያግለዋል፤ ያዳክመዋልም።

አሁን ስለ ልክ። ጫማ ስንገዛ ቁጥሩን የምንጠይቅ ሰዎች ብስክሌት ስንገዛ ልኩን ሳንጠይቅ እንገዛለን፤ ይህ ያስገርመኛል። ልኩን የሚወስነው የጎማው ትልቅነት ሳይሆን ዋናው ብረት ነው። ከመቀመጫው ፊት ብረቱን በእግራችሁ መካከል አድርጋችሁ ቁሙ፤ በእናንተና በላይኛው ብረት መካከል ቢያንስ ሁለት ሦስት ጣት የሚያስገባ ክፍት ቦታ ይኑር። ከዚያም ተቀመጡና ተረከዛችሁን ወደ ታች በወረደው ፔዳል ላይ አድርጉ፤ እግራችሁ ቀጥ ካለ የመቀመጫው ከፍታ ልክ ነው፤ የፊቱን እግራችሁን ስታሳርፉበት ጉልበታችሁ ትንሽ እጥፍ ይላልና። ብዙ ሰው መቀመጫውን እጅግ ዝቅ አድርጎ ጉልበቱን ወደ አገጩ እያነሣ ይሄዳል፤ በሳምንቱም «ብስክሌት ጉልበት ያማል» ብሎ ስሙን ያጠፋዋል። መሪው ደግሞ ከመቀመጫው ጋር እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን፤ እንደ ተወዳዳሪ ጎንበስ ብሎ አስፋልቱን የሚመለከት ሰው ከፊቱ በድንገት የቆመውን ታክሲ ዘግይቶ ያየዋል።

ወይዛዝርትና ወይዛዝር እኅቶቼ፤ የላይኛው ብረት ዝቅ ብሎ የተሠራ ብስክሌት መኖሩን ታውቃላችሁ። ጉርድ ቀሚስ የለበሰች ሠራተኛ ያለ ችግር ትወጣበታለች፤ ትወርድበታለችም። ይህን ዓይነት ለሴት ብቻ የተፈጠረ አድርጎ ማየት ግን ስሕተት ነው። ከኋላው የሰነድ ቦርሳ የጫነ ወንድ እግሩን በቦርሳው ላይ ከማሻገር በፊት ለፊት ቢያሳልፍ ይቀለዋል፤ ዕድሜው ወደ ጡረታ ለተጠጋ ባልደረባችንም ከዚህ የሚሻል የለም።

በሱቅ ውስጥ ዐይንን የሚማርከው ብዙ ጊዜ ከፊትም ከኋላም ሞላ ያለበት፣ በቀይና በጥቁር ቀለም ያሸበረቀው ነው። በበቅሎይቱ ላይ የነበረው ጌጥ ማለት ይህ ነው። በርካሽ የተሠራ ሞላ ዳገት ላይ ስትረግጡ ጉልበታችሁን ግማሽ መንገድ ላይ ይበላዋል፤ ክብደትም ይጨምራል። አንድ የማውቀው የመዝገብ ቤት ሠራተኛ እንዲህ ያለውን ገዝቶ ሦስተኛ ፎቅ ወዳለው ቤቱ በየማታው ሲሸከመው ከከረመ በኋላ ለጎረቤቱ ልጅ ሸጠው። ስለዚህ ብስክሌቱን በአንድ እጃችሁ አንሡት፤ ደረጃ የምትወጡ ከሆነ ደግሞ ሁለት ጊዜ አንሡት። ጎዳናው ቢያንገጫግጭም ሞላ ከመፈለግ ሰፋ ያለ፣ ወደ 5 ሳንቲ ሜትር የሚጠጋ ጎማ ማስገጠም ይሻላል፤ አየሩ ራሱ ሞላ ይሆናል።

ይህንም ያወቀው በቤልፋስት ይኖር የነበረው የከብት ሐኪም ጆን ቦይድ ደንሎፕ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1888 የልጁ ባለ ሦስት እግር ብስክሌት እንዳይነጥርበት ብሎ አየር የተሞላ ጎማ ሠራለት። ከዚያ በፊት በጠጣር ላስቲክ ላይ ነበር የሚሄደው። ሁለቱ ጎማዎች እኩል ሆነው የኋላው በሰንሰለት እየተጎተተ የሚዞርበትን፣ ዛሬም የምንቀመጥበትን ዓይነት ብስክሌት ጆን ኬምፕ ስታርሊ በኮቨንትሪ ከተማ ለገበያ ያወጣው በ1885 ስለ ነበረ፣ ሦስት ዓመት ያህል ሰው አጥንቱ እየተንኳኳ ሲሄድ ኖሯል ማለት ነው። የእኛ ቋንቋ ግን የተቀበለው የጣሊያኑን ስም ነው፤ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ቸርኬ፣ ሞላ፣ ጎማም ከነጎሚስታው የመጡት ከዚያ ነው። መሣሪያው በእጃችን ከገባ ወዲህ ግን እኛም አልሰነፍንበትም፤ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ከተማ በተደረገው ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትካፈል ከሯጮቹ ጋር ብስክሌተኞችም ነበሩ፤ ከእነርሱም አንዱ ገረመው ደንቦባ ነበረ።

ወደ ገበያችን እንመለስ። አዲስ ብስክሌት በካርቶን ታሽጎ፣ ግማሽ አካሉ ተፈትቶ ነው የሚመጣው፤ እዚህ የሚገጥመው ልጅ ደግሞ ሲቸኩል ይስታል። የግራው ፔዳል ጥርሱ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ የሚጠበቅ ስለ ሆነ በግድ የገጠሙት እንደ ሆነ ጥርሱ ይበላና በሳምንቱ ወልቆ ይወድቃል። ጎማዎቹን ከፍ አድርጋችሁ አሽከርክሩ፤ ቸርኬው በፍሬኑ መካከል ቀጥ ብሎ ይዞራል ወይስ እንደ ሰካራም ይወላገዳል? አየር የሚሞላበት አፍ እንደ መኪና ጎማ ወፍራም የሆነውን ጠይቁ፤ እርሱን በየመንገዱ ዳር ያለ ጎሚስታ ሁሉ ይሞላዋል፤ ቀጭኑን ግን ብዙው አያውቀውም። የጭቃ መከላከያ፣ የሰንሰለት መሸፈኛ፣ የኋላ ዕቃ መጫኛና ቃጭል ከሌለው አስገጥሙ፤ ስለ እነዚህ ብዙ መናገር አያስፈልግም፤ በነሐሴ ወር አንድ ጊዜ ያለ ጭቃ መከላከያ የሄደ ሰው በጀርባው ላይ ያነበዋል። መብራት ግን ጌጥ አይደለም። ከሥራ የምንወጣው በ11:30 ሰዓት ነው፤ በኅዳርና በታኅሣሥ ፀሐይ ፈጥና ስለምትገባ ግማሽ መንገድ ላይ ይመሻል። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ ይኑራችሁ፤ ለራሳችሁ ለማየት ብቻ ሳይሆን ሾፌሩ እንዲያያችሁ ነው። በራስ ላይ የሚደፋውን ቆብም እንዲሁ አትተዉት።

ስለ ዋጋው እያንዳንዱ ሰው የራሱን ሒሳብ ይሥራ። ለአብነት ያህል በቀን ለመሄጃና ለመመለሻ 60 ብር የምታወጡ ብትሆኑ በወር በ22 የሥራ ቀን 1,320 ብር፣ በዓመት 15,840 ብር ይሆናል። በሦስት ወር በሒሳብ የሚከፍል ብስክሌት አይገኝ ይሆናል፤ ነገር ግን በደኅና የተያዘ ብስክሌት ዐሥር ዓመትና ከዚያም በላይ እንደሚያገለግል አስቡ። በባትሪ የሚታገዘውም ዓይነት አለ፤ ጧት ዳገት ለሚወጣው ሰው በእውነት ላብን ያስቀራል፤ ይሁን እንጂ ክብደቱም ዋጋውም ከፍ ያለ ነው፤ ባትሪው ሲደክምም ምትኩን የሚያቀርብ ሱቅ መኖሩን ሳያረጋግጡ መግዛት አይገባም።

ከገዛችሁ በኋላ በማግሥቱ ወደ ሥራ አትሂዱበት። በእሑድ ጧት፣ ጎዳናው ጸጥ ባለ ጊዜ፣ መንገዱን አንድ ጊዜ ሄዳችሁ እዩት፤ የሰዓታችሁንም ልክ ያዙ። በ2011 ዓ.ም. በአዲስ አበባ «መንገድ ለሰው» ተብሎ ጎዳናዎች ለመኪና በተዘጉበት ቀን አባትና ልጅ ጎን ለጎን ብስክሌት ሲነዱ ያየ ሰው ከተማው ከመኪናው በታች ምን ያህል ሰፊ እንደ ሆነ ሳይገነዘብ አልቀረም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በተካሄደው የኮሪደር ልማት በአንዳንድ ጎዳናዎች ዳር ለብስክሌት የተለየ መንገድ ተሠርቷል፤ ስለዚህ የለመዳችሁት የታክሲ መንገድ ለብስክሌት የሚሻለው መንገድ ላይሆን ይችላል። ትንሽ ቢያዞርም ዳገቱ የለዘበውን፣ መኪናው ያነሰውን ፈልጉ። ከመኪና ጋር በአንድነት ስትሄዱ ቀኛችሁን ያዙ፤ ነገር ግን ከቦዩ አፋፍ ጋር አትጣበቁ፤ ክዳኑ የጠፋ ጉድጓድ የሚያጋጥመው እዚያ ነው። ከቆሙ መኪናዎች አጠገብ ስታልፉም አንድ ሜትር ያህል ራቁ፤ በሩን ሳያይ የሚከፍት ሰው አይታጣም። ታክሲ ከፊታችሁ ረዳቱ አንገቱን ብቅ ካደረገ ሊቆም ነውና እጃችሁን ወደ ፍሬኑ አቅርቡ።

እንግዲህ ደስታው የሚጀምረው መንገዱን ከለመዳችሁ በኋላ ነው። የመጀመሪያው ደስታ የሰዓት ደስታ ነው። 6 ኪሎ ሜትር መንገድ ሳይቸኩሉ ቢሄዱት ግማሽ ሰዓት ያህል ይወስዳል፤ ዛሬም ግማሽ ሰዓት፣ ነገም ግማሽ ሰዓት ነው። ታክሲ ጠፋ፣ ሰልፉ ረዘመ፣ መንገዱ ተዘጋ የሚባል ነገር የለም። ልጁን ወደ ትምህርት ቤት ሸኝቶ የሚነሣ አባት ስንት ደቂቃ እንዳለው ያውቃል፤ ቁርሱን ተቀምጦ ይበላል። ይህን ያህል ጊዜ የራስ መሆኑ ለመንግሥት ሠራተኛ ትንሽ ነገር አይደለም።

ሁለተኛው ደስታ የዐይንና የአፍንጫ ነው። በመኪና መስኮት ውስጥ ሆነን የማናየው ከተማ አለ። ጧት በ1:30 ሰዓት የሚቆላው ቡና ሽታ ከየትኛው ደጃፍ እንደሚመጣ፣ ነጠላቸውን ያጣፉ እናቶች ከቤተ ክርስቲያን በየትኛው በር እንደሚወጡ፣ የትኛው ዳቦ ቤት በስንት ሰዓት እንደሚያወጣ፣ የባሕር ዛፉ ጥላ በየትኛው መታጠፊያ እንደሚበርድ ብስክሌተኛው ያውቃል። መስከረም ሲጠባ ደግሞ ባዶ ቦታ በቀረበት ዳር ሁሉ አደይ አበባ ብቅ ይላል፤ በታክሲ ውስጥ ሦስት ሰው መካከል ተጣብቆ ለሚሄድ ሰው ይህ የለም። ማታ ወደ ሳሪስ የሚወርደው ሰው የቀኑን ደብዳቤና ክርክር ሁሉ ከኋላው ትቶ ነፋሱ ኮቱን ሲያነሣው የሚሰማውን ግን በንግግር ማስረዳት አልችልም።

ጧት የሚወጣውም ሰው ከደስታው አይጉደል። ካስፈለገው አሥር ደቂቃ ቀደም ብሎ ይነሣ፤ ኮቱን በኋላው ቦርሳ አጥፎ ያስቀምጥ፤ የመጨረሻውን ዳገት በቀላሉ ማርሽ ዝግ ብሎ ይውጣ፤ ከደከመውም ወርዶ ቢገፋ የሚከለክለው የለም፤ ባለበቅሎም በአስቸጋሪ ዳገት ላይ ወርዶ ይስብ ነበርና። ሁለተኛ ሸሚዝና ፎጣ በመሳቢያው ውስጥ ያኑር። ከመሥሪያ ቤቱ ዘበኛ ጋር ደግሞ አስቀድሞ ይወዳጅ፤ ብስክሌቱ ፀሐይና ዝናብ የማያገኘው፣ ዐይን የማይለየው ቦታ ከደረጃው ሥር ይሁን ከበሩ አጠገብ የሚያውቀው እርሱ ነው። በዚያም ላይ ሰንሰለቱን በጎማው ብቻ ሳይሆን በዋናው ብረት አሳልፎ ከማይነቃነቅ ነገር ጋር ይቆልፈው፤ ጎማው ብቻ ከታሰረ ብስክሌቱ ጎማውን ትቶ ይሄዳል።

የመጨረሻ ማሳሰቢያዬ ስለ ሦስተኛው ሳምንት ነው። አዲስ ብስክሌት ሁሉ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ይላላል፤ የፍሬኑ ሽቦ ይረዝማል፤ የቸርኬው ሽቦዎች ይረግባሉ፤ ማርሹም መንቃጨል ይጀምራል። ይህን የሰማ ሰው ብዙ ጊዜ «አታለሉኝ» ብሎ ብስክሌቱን ከግድግዳ ጋር ያስደግፈዋል፤ ከዚያ ወዲያም አይነካውም። ብልሽት አይደለም፤ እንደ አዲስ ጫማ ራሱን እያስተካከለ ነው። በሦስተኛው ሳምንት ቅዳሜ ወደ ጠጋኙ ውሰዱትና አንድ ጊዜ ያጥብቅላችሁ። ሰንሰለቱን በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ ጥቂት ቀጭን ዘይት ጠብ አድርጉለት፤ የተረፈውን ጥረጉት፤ የረጠበ ሰንሰለት አቧራ ይሰበስባልና። የጎማውን አየር በየሳምንቱ ሰኞ ጧት በአውራ ጣታችሁ ጫን ብላችሁ እዩ፤ በጎማው ጎን ላይ ስንት አየር እንደሚይዝ ተጽፏል፤ ጎሚስታው እርሱን አይቶ ይሙላ።

በሉ እንግዲህ፤ ሰዓቴ ደርሷል።